ልጄ «ልከተብ» ይለኛል፤ እምነት ማጉደል ይሆንብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የ15 ዓመት ልጄ የኮቪድ ክትባት ልከተብ እያለ ይወተውተኛል። አያቱ ስኳር አለባቸው፤ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። «እማማን እንዳላስይዛቸው» ይላል። ጎረቤት ግን «የአውሬው ምልክት ነው፣ መካን ያደርጋል» እያለ አስፈራኝ። ጠበልና ጸሎት እያለን መከተብ አለማመን አይሆንብንም? ደግሞስ በጾም ይቻላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አብሽሪ። በመጀመሪያ የልጅሽን ልብ እይው። በ15 ዓመቱ ከራሱ አልፎ ለአያቱ እያሰበ ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እያንዳንዱ ለባልንጀራው የሚጠቅመውን ይመልከት ያለውን ልጅሽ እየኖረው ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «እምነት የለህም» ብለሽ እንዳታሳዝኝው።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ሆኖም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ጸሎቱም መድኃኒቱም በአንድ ቤት ነበሩ። በእኛም ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። በሕይወት ሊቆይ የሚችል ስንት ሰው መድኃኒቱን ጥሎ እንዳለፈ ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ስለዚህ ጠበሉንም ጠጡ፣ ክትባቱንም ውሰዱ።

የአውሬውን ምልክት ዮሐንስ በራእዩ የሚያነሣው ከስግደት ጋር አያይዞ ነው። ምልክቱን የሚቀበለው ለአውሬው የሚሰግድ ነው። ጤና ጣቢያ ክንዱን የሚሰጥ ልጅ ክርስቶስን አልካደም። መካን ያደርጋል የሚለውም ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው።

አያቱን ስለ ፈንጣጣ ጠይቂያቸው። ፊቱ የተበሳሳ፣ ዓይኑ የጠፋ ሰው ያስታውሳሉ። ያ በሽታ ከምድር የጠፋው በክትባት ነው። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነበር።

ልጁ ራሱ ቢያዝ ምናልባት በጉንፋን መልክ ያልፍለታል፤ ወጣቶችን ብዙ ጊዜ አይበረታባቸውም። ስኳር ያለባቸው አረጋዊት ግን ሌላ ናቸው። ጦርነቱ በወሎ ስንቱን ጤና ተቋም እንዳወደመ አንቺው አይተሻል። ትንፋሽ ቢያጥራቸው ኦክስጅን ፍለጋ የት ትሮጫለሽ? ክትባቱ መተላለፍን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም። ስለዚህ እማማም ራሳቸው ይከተቡ፤ ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው ለእሳቸው ነው።

ክትባቱ በ2014 ዓ.ም. 12 ዓመት ለሞላቸው ስለተፈቀደ የልጅሽ ዕድሜ ይደርሳል። ክንዱን ሊያመው፣ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሰውና ሊደክመው ይችላል። አልፎ አልፎ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት የታየባቸው ክትባቶች አሉ። ይህ ግን ጥቂት ሰው ላይ የሚከሰት ነው፤ አብዛኞቹም ይድናሉ። ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ይህን ከልጁ አትደብቂ፤ አባቱም ባለበት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ሰውነቱ የእሱ ነው፤ የሚፈራው ነገር ካለ ይናገር። አለርጂ ወይም ሌላ ሕመም ካለበት ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ። መርፌ ምግብ አይደለም፤ መከተብ ጾም አያስገድፍም። ለመቁረብ የተዘጋጀ ከሆነ ግን ቀኑን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩበት።