መልስ፦ ውሃው ይፈላል እንጂ በረዶ አልሆነም

ግማሽ ሊትር ውሃ ድስት ውስጥ አድርጌ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩን ባወጣም ይፈላል እንጂ በረዶ አልሆነም ላልከው፣ ፓምፕህ ጤነኛ ነው፤ ውሃው ነው የበዛው። ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ሙቀት ይዞ የሚሄደው እንፋሎት ነው፤ ግማሽ ሊትር በረዶ እንዲሆን 75 ግራም ያህሉ መትነን አለበት፤ ያ ደግሞ በ6 ሚሊባር ግፊት 15 ሺህ ሊትር ገደማ እንፋሎት ነው። ትንሽ ፓምፕ ይህን በአንድ ሰዓት አይጨርስም።

1. 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ሰፊ የፕላስቲክ ክዳን ላይ አድርግና ስፖንጅ ላይ አስቀምጠው። የድስቱን ብረት ከነካ ሙቀት ይስባል።

2. አጠገቡ ግማሽ ኪሎ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) አድርግ፣ ምድጃ ውስጥ ደርቆ የቀዘቀዘ። ፓምፑ አየሩን ያውጣ፣ እንፋሎቱን ጄሉ ይጠጣ። ጆን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1810 በሰልፈሪክ አሲድ የሠራው ይሄንኑ ነው (አሲዱን አንተ እንዳትነካው)።

3. ውሃው መንጣጣት ሲጀምር ትንሽ ቆይተህ ቫልቩን ዝጋና ጠብቅ።

የቫኪዩም ጌጁ (መለኪያው) 76 ሳይደርስ 62 ሴ.ሜ. ሜርኩሪ ላይ ቆመ ላልከው፣ ያፈሳል ብለህ የክዳኑን ማሸጊያ ጎማ መቀየርህን ተው። አዳማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሙሉ ቫኪዩም እንኳ እዚያው አካባቢ ነው የሚያሳየው፤ 76 የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ግን፦ እንደጨረስክ የፓምፑን ዘይት እየው። የኔ እንፋሎት ገብቶበት ማኪያቶ መስሎ ነበር፤ ነገ እቀይረዋለሁ ብዬ ሳምንት ቆየሁና ውስጡ ዝጎ ጠበቀኝ።