ስለ እናትሽ የክትባት ቀጠሮ፦ ከአባቴ ጋር ያየሁት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ዛሬ ጠዋትም ደገምኩት። እናትሽ 76 ዓመታቸው ነው። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለሁለተኛው የኮቪድ ክትባት ሁለት ጊዜ ሄደው ሳይከተቡ ተመለሱ። አሁን «ከእንግዲህ አልሄድም፣ ተዉኝ» ብለዋል። አንቺ ደግሞ አዲስ አበባ ነሽ። «እንዴት ላሳምናቸው?» ብለሽ ጠየቅሽ።

ብዙ ሰው ከጥያቄሽ ሥር «የክትባቱን ጥቅም አስረጂያቸው» ብሎሻል። ክፉ ምክር አይደለም። ግን እናትሽ እኮ የመጀመሪያውን ተከትበዋል። ለሁለተኛውም ሁለት ጊዜ ሄደዋል። ጥቅሙ ያልገባው ሰው እንዲህ አይመላለስም። እኔ እንደሚመስለኝ እናትሽን ያስመረራቸው መንገዱና ጥበቃው ነው። ይህን የምልሽ በአባቴ ስላየሁት ነው።

አባባ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ያኔ 78 ዓመቱ ነበር። ስኳርም ግፊትም አለበት። ዕድሜውን ሙሉ በሰዓት የኖረ ሰው ነው፤ ሦስት ሰዓት ካልሽው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ክትባቱ በመጋቢት 2013 ሀገራችን ሲገባ መጀመሪያ ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎ ለአዛውንቶችና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ተባለ። በሚያዝያ አብሬው ሄድኩና የመጀመሪያውን ያለ ምንም ችግር ወሰደ። ሁለተኛው ቀጠሮ ሐምሌ ላይ ዋለ። መምህር ነኝ፣ የዚያን ሰሞን እርማት ላይ ነበርኩ። «አንዴ ሄደህ ታውቀዋለህ» አልኩና ብቻውን ላክሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤታችን መጋላ በኩል ነው። ክትባቱ የሚሰጠው ከተማውን ለሁለት ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከዚራ በኩል ነበር። አባባ «ለዚህች መንገድ ኮንትራት አልከፍልም» ብሎ ባጃጁን ተወው። በድልድዩ ዞሮ መሄዱንም አልፈለገም። በደረቁ ደቻቱ፣ በአሸዋው አቋርጦ ሄደ። ጉልበቱን የሚያመው የ78 ዓመት ሰው በዚያ አሸዋ ላይ! ድሬን የምታውቂ ሰው ነሽ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ምን እንደምታደርግ አልነግርሽም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማው ጠብታ ሳያይ ከላይ ከተራራው የዘነበው በደቻቱ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያንን ሌሊት ያዩ ብዙ እናቶች በሐምሌና በነሐሴ ደቻቱን መሻገር አይወዱም። ማንም ቀጠሮ ሲሰጣቸው ይህን አይጠይቃቸውም።

አባባ ሰባት ሰዓት ላይ ተመለሰ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። «ነገ ና ተባልኩ» አለ። በማግስቱ ሄደ። አሁንም ሳይከተብ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ «በቃ፣ እኔ ዕድሜዬን ኖሬያለሁ፣ ክትባቱን ለወጣት ስጡት» አለን። ወንድሜ ተቆጣ። እኔ በስልኬ የዶክተሮች ቪዲዮ እየከፈትኩ አሳየሁት። የእድራችን ዳኛ ቤት ድረስ መጥተው ለመኑት። ወይ ፍንክች!

አንድ ሳምንት አለፈ። ማታ በረንዳ ላይ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነበር። ስለ ክትባቱ አላነሳሁም። «አባባ፣ የዚያን ቀን እዚያ ስትጠብቅ የት ነበር የተቀመጥከው?» ብቻ አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ በቀስ አወጣው። መቀመጫ አልነበረም፤ ግንብ ተደግፎ ቆመ። ጥላው ሲሸሽ እሱም ተከትሎ ሸሸ። ከሁሉ የባሰው ግን ሽንት ነው። ፕሮስቴት አለበት፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል። መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ወጣቶቹን መጠየቅ አፈረ። ስለዚህ በማግስቱ ሲሄድ ከሌሊት ጀምሮ ውሃ አልጠጣም። የግፊት ክኒኑንም «ሽንት ያበዛብኛል» ብሎ ሳይውጥ ወጣ። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው፣ በዚያ ሙቀት፣ ያለ ውሃና ያለ መድኃኒት ለአራት ሰዓት ያህል ቆመ። ይህን ለልጁ ለመናገር ሳምንት ፈጀበት። «አልፈልግም» ይለን የነበረው «አልቻልኩም» ማለቱ ነበር። እኛ አልሰማነውም።

እናትሽም እንዲህ ያለ የደበቁት ነገር ሊኖራቸው ይችላል። እናት ለልጇ «ሽንት ቤት አጣሁ»፣ «የባጃጅ ብር አልነበረኝም»፣ «ራሴን አዞረኝ» አትልም። በተለይ ልጇ ሩቅ ስትሆን እንዳትጨነቅ ብላ ትውጠዋለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ስልክ ላይ «ለምን አልሄድሽም?» አትበያቸው። «የት ተቀመጥሽ? ምን ጠጣሽ? በምን ሄድሽ? በምን ተመለስሽ? ሰው አናገረሽ ወይ?» ብለሽ ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ እንዲያወሩልሽ አድርጊ። መልሱ እዚያ ውስጥ ይገኛል።

«ነገ ነይ» የሚባለው ለምን እንደሆነም ልንገርሽ። እኔ ይህን ያወቅሁት ለሦስተኛው ጊዜ አብሬው ሄጄ ነርሷን በትሕትና ስጠይቃት ነው። ያኔ ይሰጥ የነበረው አስትራዜኔካ ነበር። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰው ነው። አንዴ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይደፋል። በዚያ ላይ ክትባቱ የሚመረትባት ሕንድ ወደ ውጭ መላኩን አቁማ ስለነበር እጥረት ነበር። ስለዚህ አራት ሰው ብቻ ከመጣ ባለሙያዋ ብልቃጡን ለመክፈት ትሳሳለች። ሰው እስኪሞላ ታስጠብቃለች፣ ካልሞላ «ነገ» ትላለች። እሷን አልፈርድባትም። ግን ይህን ለአባባ ማንም አላስረዳውም። በሰዓቱ ለተገኘ ሰው ያለ ምክንያት «ነገ ና» ማለት ንቀት ነው የሚመስለው። አባባን ያኮረፈው ይሄ ነው። ምክንያቱን ሲሰማ ፊቱ ተፈታ። «ታዲያ 10 ሰው ይዘን አንመጣም እንዴ?» አለ።

እውነትም እንደዚያው አደረግን። የእድራችን ዳኛ መዝገቡን አወጡና ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን እየጠሩ ስም አጻፉ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አነጋገርናት። «10 ሰው ካረጋገጣችሁልኝ እኔው እመጣለሁ» አለች። ከጤና ጣቢያው ተነጋግራ ከአንዲት ነርስ ጋር የክትባት ሳጥኗን ይዛ በማለዳ የእድሩ ቤት መጣች። አግዳሚው አለ፣ ጥላው አለ፣ መጸዳጃው ክፍት ነው። ውሃና ሻይ አዘጋጀን። 14 ስም ጽፈን ዘጠኝ ሰው መጣልን። አሥረኛውን ፍለጋ ሰፈሩን ዞርን። በመጨረሻ የጥግ ሱቁ ዘበኛ ተገኙ። እሳቸው እስከዚያ ድረስ አንዱንም አልተከተቡም ነበር፤ ዘበኝነቱን ትተው ሄደው መሰለፍ አይችሉማ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ጨርሶ፣ ከመርፌው በኋላ የሚጠበቀውን 15 ደቂቃ ተቀምጦ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

በኋላ በ2014 በዘመቻ ሲሰጥ በየሰፈሩ ጊዜያዊ ጣቢያዎች ተተክለው ነበር፤ ለአዛውንቶች ትልቅ እፎይታ ሆነ። ዘመቻ በሌለበት ጊዜ ግን እድርሽን፣ አፎቻሽን (እንደ እድር ያለውን የመረዳጃ ማኅበር)፣ ማኅበርሽን መጠቀም ትችያለሽ። እናትሽ እድር አላቸው አይደል? ዳኛውን በስልክ አግኚያቸው። ሩቅ ሆነሽ ልታደርጊ ከምትችይው ነገር ትልቁ ይሄ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን ያየኋቸው ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ጎረቤታችን አዴ (ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላቸው) የመጀመሪያውን ዙር ሳይከተቡ ያለፉት በሮመዳን ስለነበር ነው። «ጾሜን ይፈታብኛል» ብለው ፈሩ። ሼኻቸውን ሲጠይቁ መርፌው ምግብ ስላልሆነ ጾም እንደማይፈታ ነገሯቸው። እኛ ብንነግራቸው አይሰሙንም ነበር፤ ከሼኻቸው አፍ ሲሰሙ አለቀ። ደግሞ ወንዶች ባሉበት ክንዳቸውን መግለጥ አልፈለጉም። እጅጌው ሰፊ የሆነ ድርያ (ረጅም ልቅ ቀሚስ) ለብሰው መጡ፣ በነጠላም ጋረድናቸው። እናትሽ ጠባብ እጅጌ ያለው ቀሚስ ለብሰው ከሄዱ እዚያ መቸገራቸው አይቀርም። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ሰውን ግን ከበር ይመልሳል።

ጆሮም አለ። አባባ በደንብ አይሰማም፤ ዕድሜ ልኩን ከባቡር ጩኸት ጋር ነው የኖረው። የሰውን ከንፈር እያየ ነበር የሚግባባው። ሁሉም ማስክ ሲያደርግ ጭራሽ መስማት አቃተው። በሁለተኛው ቀን ብልቃጡ ተከፍቶ ነበር አሉ። ስሙ ተጠርቶ አልሰማም፣ ተራው አለፈው። የእናትሽ ጆሮ ደከም ያለ ከሆነ አጠገባቸው ለሚቀመጥ ሰው «ሲጠሩኝ ንገረኝ» ይበሉ። የሚጠሩት በመታወቂያ ስማቸው ነው። ሰፈር በሌላ ስም የሚታወቁ ከሆነ ይህንንም አስታውሻቸው።

ካርዱን ደግሞ አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ቀኑ በእኛ ነው በፈረንጅ? የአዴ ካርድ ላይ በፈረንጅ ተጽፎ ስለነበር ቀኑን አዛብተውት ነበር። የትኛው ክትባት እንደተሰጣቸውም ካርዱ ላይ ይገኛል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው አንዴ ብቻ የሚወሰድ ነበር፤ አስትራዜኔካና ሲኖፋርም ግን ሁለት ጊዜ የሚወሰዱ ነበሩ። «ቀኑ አልፎብኛል፣ ከእንግዲህ አይሠራም» የሚሉ ከሆነ ስጋት አይግባቸው። ቢዘገይም ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ ካቆሙበት ነው የሚቀጥለው።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በቀጠሮው ቀን በራሳቸው እንዳያቋርጡ አደራ። ደም የሚያቀጥን ኪኒን ካላቸው ለነርሷ አስቀድመው ይንገሩ፤ ከመርፌው በኋላ ቦታውን ጫን አድርገው መያዝ አለባቸው። ቁርስ በልተው፣ ውሃ በላስቲክ ይዘው፣ በማለዳ ይውጡ። አባባ የዚያን ዕለት ማታ ትንሽ አተኮሰው፣ ክንዱንም አመመው። በማግስቱ ለቀቀው። ያን ሌሊት ከእናትሽ ጋር የሚያድር ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ብቻውን ያለ ሰው ትንሽ ትኩሳት ሲይዘው ይፈራል። ከፈራ ደግሞ ለሌላው ጊዜ አይመለስም።

ለባጃጁ የሚታመን ልጅ ፈልጊ። ኮንትራት ይዞ ወስዶ፣ ጠብቆ፣ በር ድረስ የሚመልስ። ብሩን ግን በእናትሽ እጅ አትላኪ፤ ለሌላ ነገር ቆጥበው በእግራቸው ይሄዳሉ። ለልጁ ራሱ በስልክ ላኪለት። «ተከፍሏል» ሲባሉ ይሳፈራሉ። አባባን በዚህ ነው ያሸነፍኩት።

እኔ ሐሙስ ጠዋት ክፍል የለኝም። የእናትሽን ስልክ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አንቺም መጀመሪያ ደውለሽ ማን እንደሆንኩ ንገሪያቸው፣ እንዳይደነግጡ። ረቡዕ ሄጄ ብልቃጥ የሚከፈትበትን ቀን አጣራለሁ። አባባም አብሮኝ ይመጣል፤ ጥያቄሽን ሳነብለት «እኔ ነኝ የማናግራቸው» ብሏል።