ስምንት ደቂቃ ብቻ?

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊቷ ተዋናይ ጁዲ ዴንች «ሼክስፒር ኢን ላቭ» በተሰኘው ፊልም ላይ ስምንት ደቂቃ ያህል ብቻ ታይተው ኦስካር መሸለማቸው ተገቢ ነበር ይላሉ?

መልስ፦ እንዴታ! ደቂቃ መቁጠሩን ይተዉትና ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ሆነው ሲገቡ ሌላው ሁሉ እንዴት እንደሚያንስ ይመልከቱ። ያ ግርማ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በዮርክ እ.ኤ.አ. በ1934 የተወለዱት ዴንች፣ በ1957 በሼክስፒር «ሃምሌት» ተውኔት ኦፌሊያን ሆነው መድረክ ከወጡ ጀምሮ ሽልማቱ እስከመጣበት 1999 ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ሠርተዋል።

እኔን የማረኩኝ ግን በሼክስፒር «ማክቤዝ» ተውኔት፣ የማክቤዝን ሚስት ሌዲ ማክቤዝን ሆነው ነው። በ1976 በእንግሊዟ ከተማ በስትራትፎርድ፣ ጌጥ በሌለው ጠባብ መድረክ ከተዋናዩ ኢያን ማኬለን ጋር ተውነውታል፤ ኋላም ለቴሌቪዥን ተቀርጿል። በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇን የምታሽበት ትዕይንት ላይ የሚያሰሙት ቀጭን፣ ረጅም ሲቃ አለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ዛሬም ሳስታውሰው ሰውነቴን ይወረኛል።

በስተእርጅና ዓይናቸው ስለደከመ ቃለ ተውኔቱን ሰው እያነበበላቸው በጆሮ ያጠናሉ። የማክቤዝን ቅጂ ፈልገው ይዩት፤ መብራት አጥፍተው።