አኑሪዝም (ያበጠ የአንጎል ደም ስር) ከፈነዳ በኋላ፦ የኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ቀረጻ) ለውጥና ዘግይቶ የሚመጣ የአንጎል ጉዳት (ጥያቄና መልስ)

ቤዛ፦ ዶክተር፣ አኑሪዝሙ ከተዘጋ አደጋው አላለፈም? ለምንድን ነው ሁለት ሳምንት የሚጠበቀው?

መልስ፦ ያለፈው ዳግም የመድማት አደጋ ነው። የዘገየው ጉዳት በብዛት ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ይመጣል። አዲስ የአንድ ወገን መስነፍ፣ የንግግር መጥፋት፣ ወይም በግላስጎው መለኪያ (የንቃት ደረጃ ነጥብ) ቢያንስ የ2 ነጥብ መውረድ ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ ጠርጥሩ። የሶዲየም መውረድን፣ በአንጎል ውስጥ የውሃ መጠራቀምንና ኢንፌክሽንን ግን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዮናስ፦ ራሱን የሳተ ሰው ላይ ኢኢጂው ምን ያሳያል?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የደም ፍሰት ሲያንስ ሴሉ ከመሞቱ በፊት ፈጣኑ ሞገድ ይከስማል፣ ዘገምተኛው ይበዛል። ስለዚህ የአልፋን (8–13 ሄርዝ) ኃይል ለዴልታ (1–4 ሄርዝ) አካፍለን ምጥጥኑን እንከታተላለን። በጠና የታመሙት ላይ በ6 ተከታታይ ልኬቶች ከመነሻው (ከታማሚው የመጀመሪያ ልኬት) ከ10% በላይ መውረድ፣ ወይም በአንድ ልኬት ከ50% በላይ መውረድ የማንቂያ ደወል ነው። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በአንድ ወገን ብቅ የሚሉ ሹል ሞገዶችም፣ በተለይ እየተደጋገሙ በእኩል ልዩነት የሚመጡት፣ እንዲሁ።

መነሻውን ሳትይዙ ስለ ቁጥር አታውሩ። ቀረጻው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ይጀመር። ከዚያ ጥሬውን ሞገድ እዩ፦ ጄሉ የደረቀ ኤሌክትሮድ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከ5 ኪሎኦም በላይ) ወይም ላብ ዴልታ መስሎ ምጥጥኑን ያወርዳል። ማደንዘዣው ፕሮፖፎል ሲጨመር ወይም ሲቀነስም ቁጥሩ ይቀየራል። የራስ ቅል አጥንቱ የተከፈተበት ወገን ፈጣን ሞገዱን አግንኖ ስለሚያሳይ ያንን ወገን ከራሱ ከትናንትናው ጋር ብቻ አወዳድሩ።

ሳሙኤል፦ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ዶፕለር (በድምፅ ሞገድ የደም ፍጥነትን የሚለካው) አለ አይደል? ፍጥነቱ ከ120 ሴንቲሜትር በሰከንድ ካለፈ የደም ስሩ ጠቧል፣ ከ200 ካለፈ በጣም ጠቧል።

ሄለን፦ የሊንደጋርድን ምጥጥን (የአንጎሉ ደም ስር ፍጥነት ለአንገቱ ሲካፈል) ረሳኸው። ከ3 በታች ከሆነ ፍጥነቱ የመጣው ከመጥበብ ሳይሆን ከፍሰቱ ብዛት ነው።

ሳሙኤል፦ አልረሳሁትም፤ እሱም ከዶፕለሩ ነው የሚገኘው።

መልስ፦ ሄለን ልክ ናት፤ ግን ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ደም ስር ነው። ክላዞሴንታን የተባለው መድኃኒት የደም ስር መጥበብን ቢቀንስም የታማሚዎቹን ውጤት አላሻሻለም። ጉዳቱ በመጥበብ ብቻ አይመጣም። ብራዚላዊው ተመራማሪ ሌአዎ በ1944 የገለጸው፣ በአንጎል ቅርፊት ላይ በደቂቃ ከ2–5 ሚሊሜትር የሚጓዘው የኤሌክትሪክ ማዕበል አለ። ባለፈበት ሁሉ የነርቭ ሴሎች ጸጥ ይላሉ። በጤነኛ ሕብረ ሕዋስ ላይ የደም ፍሰቱ ይጨምራል፤ በተጎዳው ላይ ግን ደም ስሩ ተጨምድዶ ቦታው ይራባል። በደንብ የሚታየው ቅርፊቱ ላይ በተቀመጠ ኤሌክትሮድ ስለሆነ ከራስ ቆዳ ቀረጻ አትጠብቁት።

ማርታ፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ፌኒቶይን ለሁሉም እንስጥ?

መልስ፦ አይሆንም። ለዘገየው ጉዳት የሚሰጠውን ኒሞዲፒንን በጉበት ቶሎ ያስወግደዋል።

ዳዊት፦ ኢኢጂው መጥፎ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ «መጥፎ» ማለት ምን ማለት ነው? ስንተኛ ቀን? የትኛው ወገን? መነሻውስ የታል? ደግሜ እላለሁ፦ ያለ መነሻ አልመልስም። ለውጡ እውነተኛ ከሆነ ወደ አልጋው ሂድ፣ መርምረው፣ ስኳርና ሶዲየም ለካ፣ ሲቲና የደም ስር ሲቲ አስነሳ። አኑሪዝሙ ተዘግቶ ከሆነ የደም ግፊቱን ከፍ ማድረግ ይታሰባል። ፈሳሹ በልኩ ይሁን፤ ማጥለቅለቅ አይረዳም።

ቤዛ፦ የኒሞዲፒን መጠንስ?

መልስ፦ በየ4 ሰዓቱ 60 ሚሊግራም፣ ለ21 ቀን። ግፊት ካወረደ በየ2 ሰዓቱ 30። በአፍ ወይም በቱቦ ብቻ! ከካፕሱል የተቀዳው በደም ስር ከገባ ግፊቱን ጥሎ ሊገድል ይችላል። መቅጃው በአፍ ለመስጠት ብቻ የተሠራ ሲሪንጅ ይሁን፣ «በደም ስር አይሰጥም» ተብሎ ይጻፍበት።

ዮናስ፦ ሌሊትም እንቀስቅሰው?

መልስ፦ አዎ። መድኃኒቱንና ምርመራውን አንድ ላይ አድርጉት። ሲቀሰቀስ ሰዓቱን ቀረጻው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ነገ የሚነጻጸረው ከመቀስቀሱ በኋላ ያለው ክፍል ነው።