ቪትዝ ላይ እጅ ማሟሻ፦ ጋሽ ካንዴላን ጠይቁ

ጋሽ ካንዴላ፦ እሺ፣ ተቀምጫለሁ፣ ጠይቁ። እኔ የማውቀው አሮጌዋን የቶዮታ ቪትዝ ነው። በፈረንጆቹ 1999 የወጣችውን፣ ሌላ አገር ያሪስ ወይም ኤኮ የሚሏትን። ስለ አዳዲሶቹ አትጠይቁኝ። ስትጠይቁ የሞተሩን ስም ጻፉ። ባለ አንድ ሊትሩ 1ኤስዜድ ነው፣ ባለ 1.3ቱ 2ኤንዜድ፣ ባለ 1.5ቱ 1ኤንዜድ። «ቪትዝ አለችኝ፣ አመመችብኝ» ብቻ የሚል ጥያቄ ዘልዬ አልፋለሁ።

ሳልጀምር አንድ ነገር፣ ዛሬ ደጋግሜ ብናገረው እንዳትሰለቹኝ። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ማንም አይገባም። የብረት ማቆሚያ አስገቡ፣ መሬት ላይ ያሉትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ደግፉ፣ መኪናዋን ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ግቡ። ክሪክ ለማንሣት ነው እንጂ ለመያዝ አይደለም።

ጀማሪው፦ ጋሽ ካንዴላ ሰላም ነዎት? ባለፈው ወር የ2001 ቪትዝ ገዛሁ፣ 1ኤስዜድ። በእረፍት ቀኔ ራሴ እየነካካሁ ላሳምራት አስቤያለሁ። ያቀድኩት ቸርኬ፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ)፣ ኤልኢዲ መብራትና የመቀመጫ ልብስ ነው። ከየቱ ልጀምር?

ጋሽ ካንዴላ፦ ከአንዱም አትጀምር። ዝርዝርህ ውስጥ ፍሬን የለም፣ ጎማ የለም፣ ውሃ የለም። መኪናዋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ምን እንደተቀየረ የምታውቀው የሸጠልህ ሰው በነገረህ ልክ ነው፣ እሱ ደግሞ መሸጥ ፈልጎ ነበር። ስለዚህ ምንም እንዳልተቀየረ ቁጠረው። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ። ከዚያ ጎሚኒዎቹን፣ የጎማ ቱቦና ማሸጊያዎቹን ማለቴ ነው፣ አንድ በአንድ በባትሪ እያየህ የተሰነጠቀውን መዝግብ። ደብተር ያዝ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፍ።

ጎማውን ጥርሱን ብቻ አይተህ አትመን። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። እኔ የገዛኋት መኪና ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነበር፣ ቀኑን ሳይ ግን አሥር ዓመት አልፎታል፣ ጎኑም እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

ደስ የሚለው፣ ሦስቱም ሞተሮች የቫልቩን ዘንግ የሚያዞሩት በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ነው። በየጊዜው ቀይሩት አይባልም። ግን ሰንሰለቱን የሚያኖረው ንጹሕ ዘይት ነው። ዘይት መቀየር የዘነጋ ሰው ጠዋት ሲያስነሣ መንኳኳቱን ይሰማዋል።

ያሬድ ዘ ቪትዝ፦ ድምፅ ታሰማለች። ምን ይሆን?

ጋሽ ካንዴላ፦ የት? መቼ? ስትነዳ ነው ስትቆም? መሪ ስታዞር ነው ጉድጓድ ስትገባ? ምን ዓይነት ድምፅ? አጣርተህ ተመለስ።

ዳገት ፈሪ፦ 2ኤንዜድ ናት። ዳገት ላይ ሙቀት ትጨምር ነበር። መካኒኬ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለውና «ተገላገልክ» አለኝ። እውነትም ቀነሰች፣ ግን ነዳጅ መብላት ጀመረች። ይገናኛል?

ጋሽ ካንዴላ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ይገናኛል እንጂ!

ቴርሞስታት ማለት በሙቀት የሚከፈት በር ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዝግ ነው፣ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምርና ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ይለቃል። ነቅለህ ስትጥለው በሩ ሁልጊዜ ክፍት ሆነ። ሜዳ ላይ ስትነዳ ሞተሩ በሚገባው ልክ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ የውሃውን ሙቀት ያነብና «ገና አልሞቀችም» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። ሞተሩ ሳታየው ይበላል ማለት ነው።

በዚያ ላይ ሙቀቱን ያመጣው ነገር አሁንም እዚያው ተቀምጧል። መጀመሪያ መቼ እንደምትሞቅ ለይ። ቆማ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ብቻ ከሞቀች ፋኑን ጠርጥር፤ ፊውዙን፣ ሪሌዩን፣ የፋኑን ሞተር። ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ከሞቀች፣ እንዳንተ ማለት ነው፣ ውሃው በደንብ እየዞረ አይደለም ወይም ራዲያተሩ ተደፍኗል። የውሃ ፖምፓውንም አትርሳ።

ግን ከሁሉ በፊት ርካሹን ነገር እይ፣ የራዲያተሩን ክዳን። ሰው ክዳን ብቻ ይመስለዋል። ሥራው ውሃውን በግፊት መያዝ ነው። ግፊት ያለበት ውሃ 100 ዲግሪ ላይ አይፈላም፣ እስከ 120 አካባቢ ይታገሣል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ ሰው ግን ራዲያተር ይቀይራል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን የሚከፍት ፊቱን ይቀቀላል። ትኩስ ሳለ አትክፈት! ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፣ አስፈላጊ ቢሆን ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑና ውሃ የት እንደሚገባ ሳታውቅ ከቀነሰ፣ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን ማለት ነው፣ የእሱ ጋስኬት ነው የሚያሳስበኝ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ በሙቀት ይጣመማል። አንዲት ሰዓት «ትንሽ ልንዳትና እደርሳለሁ» ያለ ሰው ሞተር አውርዷል።

አዲስ ቴርሞስታት ግዛና መልስ። ከመግጠምህ በፊት በድስት ውሃ ውስጥ ከሙቀት መለኪያ ጋር አስገብተህ አሙቀው፣ ሲከፈት በዓይንህ እይ። ደግሞ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላ። የራዲያተር ፈሳሹ እንዳይቀዘቅዝ ብቻ አይደለም የተሠራው፣ ዝገትም ይከላከላል። ራዲያተሩን የደፈነው ምን ይመስልሃል?

ፈጣኗ፦ 1ኤስዜድ። ኃይሏን እንዴት ልጨምር?

ጋሽ ካንዴላ፦ አንድ ሊትሩ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አለው። ሲወጣ የነበረውን ሰባውን ዛሬ ታገኛለህ ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። የተደፈነ ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ስሮትል (የአየር መግቢያው በር)፣ የሚጎትት ፍሬን፣ የላላ የጎማ ነፋስ። እነዚህን አስተካክል። የተከፈተ የአየር ፊልትሮ ኮፈን ሥር ብትገጥም ድምፅ ታገኛለህ፣ የምትስበው ግን የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። ሞተር ልቀይር ካልክ ኤስዜድና ኤንዜድ የተለያየ ቤተሰብ ናቸው፣ ማሰሪያው፣ ሽቦው፣ ካምቢዮው አይገጥምም። ከ2ኤንዜድ ወደ 1ኤንዜድ መሄድ ይሻላል፣ እነሱ ወንድማማች ናቸው።

ሰባራ ሞላ፦ 1ኤንዜድ። በሺህ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ዘይት ትጠጣለች። 20ደብሊው50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ላድርግባት?

ጋሽ ካንዴላ፦ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ እወቅ። ታንጠባጥባለች ወይስ ታቃጥላለች? አድራ ስትነሣ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ካለ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ስትነዳ ቤንዚን ስትሰጣት ከጨሰች የፒስተን ቀለበት ነው። ኮምፕሬሽን፣ ሲሊንደሩ የሚይዘውን ግፊት፣ አስለካ። ዘይት ማወፈር ምርመራ አይደለም።

የአባቴ መኪና፦ ይቅርታ ጋሽ ካንዴላ፣ አባቴ ስንት ዘመን ወፍራም ዘይት ነው የሚጠቀመው፣ መኪናዋ እስካሁን ምንም አልሆነችም።

ኤንዜድ ብቻ፦ ወንድም፣ ይሄ ሞተር ቪቪቲ አለው። የቫልቩን ጊዜ የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው። ወፍራም ዘይት ጠዋት ላይ እዚያ እስኪደርስ ሰንሰለቱ በደረቁ ይሠራል።

የአባቴ መኪና፦ በወረቀት ላይ እንደዚያ ነው። የአባቴ መኪና ግን ወረቀት አታነብም።

ኤንዜድ ብቻ፦ የአባትህ መኪና ምን ሞተር ነው?

የአባቴ መኪና፦ ኮሮላ፣ የድሮዋ።

ኤንዜድ ብቻ፦ ታዲያ ምን ያገናኘዋል!

ዳገት ፈሪ፦ ኮሮላ ግን ከቪትዝ ትሻላለች፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ።

ጋሽ ካንዴላ፦ በቃችሁ። ኮሮላን ሌላ ቀን። ሰባራ ሞላ፣ ቀጠን ያለውን 5ደብሊው30 አድርግ፣ ሲለወጥ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይይዛል። ነዳጅ በሞላህ ቁጥር የዘይት መለኪያውን አውጥተህ እይ። ዘይት የምትጠጣ መኪና ባለቤቷ ካየላት ብዙ ትሄዳለች። ኤንዜድ የምትሞተው ስላቃጠለች ሳይሆን ደርቃ ስትነዳ ነው።

ፈጣኗ፦ ቱርቦ ብገጥምባትስ?

ጋሽ ካንዴላ፦ አይሆንም። ቀጥሎ።

ባለ ቸርኬ፦ 155/80/13 ላይ ነኝ። ባለ 15 ቸርኬ አግኝቻለሁ፣ 195/60 ጎማ አለበት። ይገባል?

ጋሽ ካንዴላ፦ ይገባ ይሆናል፣ አይሆንም ግን። ስሌቱን እንሥራ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ ሦስተኛው የቸርኬው ልክ በኢንች። ያንተ ጎማ ቁመቱ 578 ሚሊ ሜትር ነው። 195/60/15 ደግሞ 615። ስድስት በመቶ ይበልጣል። ቆጣሪህ 100 ሲልህ 106 ላይ ነህ። ቀድሞም ደካማ የሆነው ሞተር ደግሞ ማርሹ ይከብደዋል፣ መሪ ስታዞርም ሊፋቅ ይችላል። 185/55/15 ፈልግ፣ 584 ተኩል ይመጣል፣ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ ትንሽ ይበልጣል።

ቡሎኖቹ አራት ናቸው፣ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሱት የመሐሉን ቀዳዳ ነው። የቪትዝ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የቸርኬው ከሰፋ ቀለበት አስገባበት፣ አለዚያ በፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጣል፣ አንተም ባላንስ ስታሠራ ትኖራለህ። ዳዶው ከቸርኬው መቀመጫ ጋር መግጠሙን እይ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው የቶርክ ቁልፍ ወደ 103 ኒውተን ሜትር እሰር፣ ትንሽ ነድተህ ደግመህ ፈትሽ። ስትቀይር ደግሞ የብረት ማቆሚያ!

ሰላማዊት ፍሪሲዮን፦ ጋሽ ካንዴላ፣ 2ኤንዜድ ናት። የፊት የፍሬን ሸራ አዲስ ነው። ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ግን ፔዳሉ ይለሰልስብኛል፣ ወደ ታች ይሄዳል። ስትቀዘቅዝ ይመለሳል። ጋራዥ ስወስዳት «ምንም የለባትም» አሉኝ።

ጋሽ ካንዴላ፦ ልጄ፣ እስኪታይ ድረስ ቁልቁለት አትንጂያት። እነሱ ያዩት ቀዝቅዛ ነው። ያንቺ ችግር የሚታየው ትኩስ ሆና ነው።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፣ በትንሽ በትንሹ፣ በጎማ ቱቦው ሳይቀር። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም። እርጥበት ሲገባበት መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠሽ ስትይዢ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይሠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግርሽ ሥር የሚለሰልሰው እሱ ነው። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፣ ጋራዥም «ምንም የለባትም» ይላል።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይሪ፣ ዶት 4 አድርጊ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ። ዶት 5 የሚባለውን አትንኪ፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ራስሽ ከሠራሽው ከታሸገ ዕቃ ተጠቀሚ፣ ተከፍቶ የከረመ አይሆንም። አየር ስታስወጪ ፔዳሉን እስከ ወለሉ አትርገጪ። ፔዳሉ በሚገፋው አሮጌ ዋና ፖምፓ ውስጥ ጎሚኒው ሄዶ የማያውቅበት የዛገ ቦታ አለ፣ እዚያ ሲደርስ ይቦጨቃል። ዘይቱ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ እጠቢ፣ ቀለም ይልጣል። ሸራው አሮጌ ከሆነ ደግሞ አቧራውን በነፋስ አታስነሺ፣ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሺ፣ ሞተሩም ይያዝልሽ።

ሰላማዊት ፍሪሲዮን፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዘይቱን አሁን አየሁት፣ እንደ ቡና ጠቁሯል።

ጋሽ ካንዴላ፦ አሁኑኑ ይቀየር።

ዲጂታል፦ መሐል ያለው የፍጥነት ማሳያ እየደበዘዘ ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦ ኤሌክትሮኒክስ የሚበይድ ሰው ፈልግ። የኔ ሙያ አይደለም።

ዝቅ ያለች፦ ሞላውን ቆርጬ ዝቅ ላድርጋት?

ጋሽ ካንዴላ፦ ሞላ አይቆረጥም። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ አሞርዛተሩ ማቆሚያውን ይመታል፣ ጎማው በውስጥ በኩል ይበላል። ለዚህች መኪና የተሠራ አጭር ሞላ ከነአሞርዛተሩ ግጠም፣ ከዚያ አላይመንት። ሞላ ለመፍታት የሞላ መጭመቂያውን ተጠቀም፣ ተጨምቆ የተለቀቀ ሞላ ሰው ይገድላል።

ብርሃን፦ የፊት መብራቱ አምፖል ኤች4 የሚባለው ነው። 100 ዋት አምፖል ላስገባ?

ጋሽ ካንዴላ፦ ሽቦው የተሠራው ለ55 እና ለ60 ዋት ነው። ማቀፊያው ይቀልጣል። መስታወቱን አጽዳ፣ ምድር የሚይዘውን ሽቦ አጽዳ፣ የሚበቃ ብርሃን ታገኛለህ።

ጀማሪው 2፦ ሞተሯን እንዴት አጠንክሬ ፈጣን...

ጋሽ ካንዴላ፦ ከላይ አንብብ። ሦስተኛችሁ ናችሁ።

ያሬድ ዘ ቪትዝ፦ ተመለስኩ ጋሽ ካንዴላ። ድምፁ ከፊት በግራ ነው፣ ቋ ቋ ይላል። ቀስ ብዬ ጎርበጥባጣ ላይ ስሄድ ብቻ። ለስላሳ አስፋልት ላይ የለም፣ መሪ ሳዞርም የለም፣ ፍሬን ስይዝም የለም።

ጋሽ ካንዴላ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! መሪ ስታዞር ቀጭ ቀጭ ቢል የአክስሉ ሲቪ ጆይንት ነው እልህ ነበር። እንደ አውሮፕላን እያጉረመረመ ከፍጥነት ጋር ቢጨምር ኩሽኔታ። ያንተ መጀመሪያ የስታቢላይዘር ሊንክ ይመስለኛል፣ መኪናዋ እንዳታዘነብል የሚይዘውን ዘንግ ከጎማው በኩል የሚያገናኘው አጭር ብረት። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል መሬት ላይ ሆነው ሊንኩን ይዘህ ነቅንቀው። አንዱን ጎማ ብቻ ካነሣህ ዘንጉ ይወጠራል፣ ልቅነቱ ይደበቅብሃል። ሊንኩ ደህና ከሆነ የታችኛውን ቦል ጆይንት፣ ጎማውን የሚይዘውን ክብ መገጣጠሚያ፣ አስፈትሽ። ሊንክ ቢንኳኳ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። ቦል ጆይንት ከወጣ ግን ጎማው ይተኛል።

ያሬድ ዘ ቪትዝ፦ ገባኝ። ለቦል ጆይንቱ እንግዲህ ላንሣትና ከሥር ገብቼ ልየው። ማቆሚያ የለኝም፣ ግን ክሪኩ አዲስ ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።