የአሞራ ገደል አሳና ጥቃቅን የደም ሥሮች

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቴ 92 ኪሎ ነው። ሐኪሜ ውፍረቱ ጥቃቅን የደም ሥሮቼን እንደሚጎዳ ነገሩኝ። ሥጋ ትቼ በሳምንት አራት ቀን ከአሞራ ገደል (ከሀዋሳ ሐይቅ ዳር የአሳ ገበያ) የአሳ ጥብስ እበላለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የቀይ ሥር ጭማቂ በስኳር እጠጣለሁ። ሁለት ወር ሆነኝ፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ክብደቴ ካልቀነሰ ምግቡ ለሥሮቼ ዋጋ አለው? (አንባቢ፣ ከሀዋሳ ታቦር)

መልስ፦ አለው። የእርስዎ ችግር መጥበሻውና ስኳሩ ላይ ነው።

ትናንሾቹ ደም ወሳጅ ሥሮች ከውስጥ ሽፋናቸው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫሉ፤ ጋዙ ሥሩን አላልቶ ደም ያሳልፋል። ይህን ያገኙት ሳይንቲስቶች በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። የሆድ ስብ ሲበዛ ብግነት ይነሳል፣ ኢንሱሊንም እንደ ልቡ አይሠራም፤ ጋዙ ያንሳል። ከምግብ በኋላ በጡንቻ ውስጥ መከፈት የነበረባቸው ሥሮች በደንብ ስለማይከፈቱ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል። ማዕድ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይሠራል፦ የሚረጋ ስብ ወይም ስኳር የበዛበት አንድ ምግብ ብቻውን የሥሮቹን መላላት ለጥቂት ሰዓታት ያደክማል። ስለዚህ ሚዛኑን መጠበቅ አያስፈልግም።

ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) በራሱ ስቡ ጥቂት ነው። ሲጠበስ ግን ዘይት ይጠጣል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሦስት ማንኪያ ከጠጣ 360። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለ ዘይት ደግሞ ይብሳል። አሳውን አይተዉ፤ ጉላሽ ወይም ሾርባ ያድርጉት። ለአራት ሰው ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ ያቁላሉ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ፣ ቲማቲሙ ሲበስል አሳውን አስገብተው ለ10 ደቂቃ ያህል ያብስሉ። ቀድሞ ከገባ ይፈራርሳል። ቡርሳሜ (በቅቤ የሚሠራውን የሲዳማ የቆጮ ምግብ) ሲጋበዙ እምቢ ይበሉ አንልም፤ ቅቤው ግን በማንኪያ ይለካ።

ቀይ ሥር ናይትሬት አለው፤ የአፍ ባክቴሪያዎች ይለውጡትና ሰውነት ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራበታል። ስኳር ከገባበት ግን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሳት ነው። ሲቀቅሉ ውሃውን ከደፉ ናይትሬቱ አብሮ ይሄዳል፤ በእንፋሎት ያብስሉትና ከነልጣጩ ይብሉት። ፀረ ጀርም የአፍ መጉመጥመጫ ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል ጥቅሙን ያጠፋል። ቆስጣና ሰላጣም ናይትሬት ስላላቸው ቀይ ሥር ብቻ ማሳደድ አያስፈልግም። ሽንትዎ ቢቀላ አይደንግጡ፤ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ።

ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። ብዙ ሰው ወጡ ውስጥ የሚጨምረውን ብቻ ይቆጥራል፤ በርበሬው፣ ሽሮውና አዋዜው ውስጥ ያለውን ይረሳል።

እንጀራውን ከመጀመርዎ በፊት ጎመኑንና ምስሩን ያስቀድሙ፤ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከበሉ በኋላ በፍቅር ሐይቅ በኩል 15 ደቂቃ መራመድም ይረዳል።

ክብደቱን በተመለከተ፣ ከ92 ኪሎ 5 በመቶው 4.6 ኪሎ ነው፤ የደም ግፊትና ስኳር ከዚህ ጀምሮ መሻሻል ይታይባቸዋል። በጾም የደም ስኳር፣ በሽንት አልቡሚን (ፕሮቲን) እና የዓይን ሬቲና ምርመራ ያድርጉ፤ ኩላሊትና ዓይን የጥቃቅን ሥሮች ጉዳት ቀድሞ የሚታይባቸው ናቸው። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ምግብ ከመቀነስዎም ሆነ ከመጾምዎ በፊት ሐኪምዎ መጠኑን ያስተካክሉልዎ፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።