የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባቡር በመንግሥት ወይስ በግል?

ጥያቄ፦ የጃፓን ባቡር ወደ ግል ተዛውሮ ሲሳካ፣ የእንግሊዝ ለምን አልሆነለትም?

መልስ፦ መጀመሪያ ሐዲዱና ባቡሩ በማን እጅ እንዳሉ ይመልከቱ። ጃፓን በ1987 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ባቡር ድርጅቷን በስድስት የመንገደኛና በአንድ የጭነት ኩባንያ ስትከፍል፣ የመንገደኞቹ ኩባንያዎች ሐዲዱንም ባቡሩንም ያዙ። (አብዛኛው ዕዳ ግን ለመንግሥት ተቋም ተላልፏል፤ የሆካይዶና የሺኮኩ ኩባንያዎችም ዛሬም የመንግሥት ናቸው።)

እንግሊዝ በ1993ቱ ሕግ ሁሉንም በታተነችው፦ ሐዲዱ ሬልትራክ ለተባለ የግል ኩባንያ፣ ባቡሮቹ ለአከራይ ኩባንያዎች፣ ጉዞው ለኮንትራት ተጫራቾች፣ ጥገናው ለሥራ ተቋራጮች። በጥቅምት 2000 ሃትፊልድ ላይ በመንኮራኩር ጫና የተሰነጠቀ ሐዲድ ተሰብሮ አራት ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ መተኪያው ሐዲድም ቀርቦ ሳይነጠፍ ቀርቷል። ሬልትራክ የንብረቱን ይዞታ በቅጡ የሚያሳይ መዝገብ ስላልነበረው ሌላው ስንጥቅ የት እንዳለ አላወቀም፤ በመላ አገሪቱ ከአንድ ሺህ በላይ የፍጥነት ገደቦች ጣለ። በ2001 ኪሳራ ላይ ወደቀ፤ በ2002 ሐዲዱን ለትርፍ ያልተቋቋመው ኔትወርክ ሬል ተረከበ።

ኢንቨስትመንቱም እንዲሁ ነው። ባቡር ሠላሳ ዓመት ያገለግላል፤ የእንግሊዝ ተጫራቾች ኮንትራት ግን ብዙ ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ነበር። ማን ይገዛዋል? በመንግሥት እጅ ሲሆን ደግሞ በጀቱ በየዓመቱ ስለሚዋዥቅ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጥገና ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከባለቤቱ ይልቅ የአምስት ዓመት የጥገና በጀት በሕግ መታሰሩ ይበልጣል።